አውራሪሱን ከመጫናችሁ በፊት ውሃውን አስመርምሩ

ከቢሾፍቱ በእንስሳት ሕክምና ተመርቀው ወደ ዱር እንስሳት ሥራ የሚገቡ ልጆች አውራሪስ ከቦታ ወደ ቦታ ስለማዛወር ደውለው መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ከሄሊኮፕተር ስለሚተኮሰው ማደንዘዣ ነው። ልባቸው ሄሊኮፕተሩ ላይ ነዋ! እኔ ደግሞ «የምትወስዱበት ቦታ ውሃው ተመርምሯል?» እላቸዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2018 ኬንያ ውስጥ ከናይሮቢና ከናኩሩ 11 ጥቁር አውራሪሶች ወደ ጻቮ ምሥራቅ ብሔራዊ ፓርክ ተወሰዱ። እዚያ ያገኙት ውሃ ጨዋማ ነበር። ጨው ያስጠማል፤ የጠማው ይጠጣል፤ በጠጣ ቁጥር ይብስበታል። 11ዱም አለቁ፤ አንዱ ላይ አንበሳም ደርሶበታል። ስለዚህ ናሙናውን በበጋ ውሰዱ፣ ውሃው ሲቀንስ ጨው ይበረታልና። ውጤቱ ወረቀት ላይ ካልመጣ መኪና አታስነሱ፤ አለቃ ቢቆጣም ይቆጣ።

ቀጥሎ ምግቡ። ጥቁሩ አውራሪስ የቁጥቋጦ ቅጠል በሊታ ነው፤ ነጭ የሚባለው ሌላው ዝርያ ሣር ይግጣል። በዚያው 2018 ከደቡብ አፍሪካ ወደ ቻድ ዛኩማ ብሔራዊ ፓርክ ከሄዱት 6 ጥቁር አውራሪሶች አራቱ በወራት ውስጥ ሞቱ። ሰውነታቸው ላይ የቀረ ስብ አልነበረም ማለት ይቻላል። ቅጠል በለመለመበት ወቅት ልቀቁ። ቆላ ዝንብ ካለ ደግሞ የሚያስተላልፈውን በሽታ፣ ገንዲን፣ አትርሱ፤ ዝንቡን ከማያውቅ አገር የመጣ እንስሳ አይችለውም።

ወደ ማደንዘዣው እንምጣ። ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ሥሩ። ኢቶርፊን ለአውራሪስ ማስተኛ ነው፤ ለሰው ግን ጠብታውም ይገድላል። ጓንት አድርጉ፣ ብቻችሁን አትቅዱ። የሰው ማርከሻው ጠርሙሱ ከመከፈቱ በፊት የጓደኛችሁ እጅ ላይ ይሁን።

እንስሳው ሲወድቅ ዓይኑን በጨርቅ ሸፍኑ፣ ጆሮውን ድፈኑ። መድኃኒቱ ትንፋሽ ስለሚያዳክም አንድ ሰው ሥራው ትንፋሽ መቁጠር ብቻ ይሁን። ኦክስጅን በአፍንጫው ስጡት፤ ሰውነቱ ከጋለ ውሃ አፍስሱበት። በአንድ ጎኑ ብዙ ከተኛ የራሱ ክብደት ጡንቻውን ይጎዳዋል፤ አንድ ቶን ገደማ ነውና ፍጠኑ።

ወደ ማጓጓዣው ሣጥን ተሸክሞ የሚያስገባው የለም፣ ራሱ ነው የሚገባው። ጥቂት የማደንዘዣ ማርከሻ ስጡትና ግማሽ ይነቃል። የታሰረበት ገመድ በሣጥኑ ውስጥ አልፎ ከፊት ይሳባል፣ ከኋላ ይገፋል፤ እሱም እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ ይገባል። ከፊቱ ማንም አይቁም!

መንገድ በሌለበት ናሚቢያ ውስጥ በእግሩ አስረው ከሄሊኮፕተር ቁልቁል ያንጠለጥሉታል። ሳየው ዘግንኖኝ ነበር። ሲጠና ግን ትንፋሹ በጎኑ ከሚተኛበት ትንሽ እንኳ ይሻላል። ጥናቱ በ2021 የሚያስቁ ምርምሮች የሚሸለሙበትን ኢግ ኖቤል አግኝቷል።

ሲደርስ ማቆያ በረት ውስጥ ይቆይ። ስንት እንደበላና እንደጠጣ በየቀኑ ጻፉ፤ ፋንድያውንም እዩ። ከመልቀቃችሁ በፊት የራሱን ፋንድያ ውሃው አካባቢ በትኑለት፣ ሽታውን ሲያገኝ ይረጋጋል። ኮርማ ኮርማው ላይ አትልቀቁ፤ ይጋደላሉ። ቀንዱ ላይ መከታተያ ከገጠማችሁ በኋላም በምልክቱ ብቻ አትተማመኑ። የሞተ እንስሳም ምልክት ይልካል። ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩት፤ ጎኑ ከጎደጎደና የጎድን አጥንቱ መታየት ከጀመረ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ በረቱ መልሱት።