ያልተነገረውን የሥራ ደንብ አውጥቶ መናገር፦ ለፋብሪካ የመስመር ኃላፊዎች

ከአቃቂ ቃሊቲ እስከ ገላንና ዱከም ባሉት ፋብሪካዎች፣ ሠራተኛ ደመወዝ በተቀበለ ማግስት ሳይናገር ሥራውን ጥሎ የሚጠፋው ለምን እንደሆነ ስንጠየቅ፣ አብዛኞቻችን የደመወዙን ማነስ ብቻ እንጠቅሳለን። ማነሱ እውነት ነው። ሆኖም እኩል ከሚከፈላቸው ሁለት መስመሮች አንዱ በየወሩ ሰው ሲያጣ ሌላው ሠራተኞቹን ይዞ የሚቆየው፣ በእኔ እምነት፣ ማንም አፍ አውጥቶ ባልተናገረው ደንብ ምክንያት ነው።

በኃላፊነት በሠራሁበት አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የመውጫው ሰዓት 11፡00 ሲሆን ሰርቪሱ 11፡20 ይነሳ ነበር። ኮታው ሳይሞላ በሰዓቷ የተነሳች ልጅ ግን ሥራ እንደማትወድ ትቆጠራለች፤ ይህንንም ለአዲስ ገቢ የሚነግር አልነበረም። አንዲት እጅጌ የምትገጥም ጎበዝ ኦፕሬተር ሁለት ሳምንት በሰዓቷ ስትወጣ ፊት ነሳኋት። ምክንያቱን አልነገርኳትም፤ እሷም በይሉኝታ አልጠየቀችኝም። ደመወዝ በገባ ማግስት ወንበሯ ላይ ያገኘሁት የታጠፈ ጋዋኗን ነው። ሰርቪሱ ካመለጣት ወደ ተከራየችው ክፍል በጨለማ በእግሯ መሄድ እንደነበረባት የሰማሁት ከሄደች በኋላ ነው።

የድርጅት ባሕርይ ተመራማሪው ክሪስ አርጊሪስ በ1960 እ.ኤ.አ. ያነሳው፣ ተመራማሪዋ ዴኒስ ሩሶ ደግሞ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሰፋችው «ሥነ ልቦናዊ ውል» (አሠሪና ሠራተኛ ሳይጻጻፉ አንዱ ከሌላው የሚጠብቁት ነገር) የሚባለው ሐሳብ የሚመለከተው ይህንኑ ነው፤ በወረቀት ባልሰፈረ ነገር እንደተከዳ የሚሰማው ሠራተኛ መጀመሪያ ልቡ ይሸፍታል፣ መልቀቁ የሚመጣው ቆይቶ ነው።

ስለዚህ በቅድሚያ ሦስት ወር ያልሞላቸውን ጠይቁ፤ ነባሮቹ ደንቡን ስለለመዱት አይታያቸውም። «ምን ያስቸግራችኋል?» ካላችኋቸው «ደህና ነው» ብለው ያልፋሉ። «ሳይነገራችሁ፣ ስትቆጡ ብቻ ያወቃችሁት ነገር ምንድን ነው?» ብትሏቸው ግን ይናገራሉ። ጠያቂው አለቃ ያልሆነ፣ እንደየሰዉ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የሚያወጋ ሰው ቢሆን ይመረጣል።

የተሰበሰበውን ከሕጉ ጋር አስተያዩ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይወስነዋል። ትርፍ ሰዓት የሚሠራው ሕጉ በዘረዘራቸው ምክንያቶች፣ በአሠሪው ግልጽ ትዕዛዝ፣ በቀን ከ4 በሳምንትም ከ12 ሰዓት ሳይበልጥ ነው፤ ሌሊት ሳይሆን ቀን ለተሠራ ትርፍ ሰዓት የሚከፈለውም የመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.5 እጥፍ ነው። እንግዲህ ፊት በማጥቆር የሚጠየቅ ትርፍ ሰዓት ከሕጉም ጋር አይገጥምም። ሥራው የግድ ከሆነ ቀደም ብሎ ይነገር፣ ይመዝገብ፣ ሰርቪሱም ይጠብቅ።

ሕጉን የማይነካውን፣ ለምሳሌ ለቅሶ የደረሰባት ለማን እንደምትደውል፣ ለአፍታ ስትነሳ ማሽኑን ማን እንደሚይዝላት፣ በመጀመሪያው ቀን እዚያው ማሽኑ አጠገብ ቆማችሁ በቃል ንገሯት። ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ብቻውን አይበቃም።

የሠራተኛዋንም ተስፋ መስማት ያስፈልጋል። ረዳት ሆና የገባች ልጅ ከ60 የሥራ ቀን የማይበልጠው የሙከራ ጊዜ ሲያበቃ ማሽን ላይ እቀመጣለሁ ብላ ልትጠብቅ ትችላለች። የማይሆን ከሆነ በተቀጠረችበት ቀን ትወቀው።

ከደመወዝ በፊት ባለው ሳምንት ከእያንዳንዷ አዲስ ገቢ ጋር አሥር ደቂቃ ተቀመጡ። ቅር ያሰኛችሁ ነገር ካለ ለብቻዋ ንገሯት፤ ከዚያ የእሷን ቅሬታ ጠይቁና ተናግራ እስክትጨርስ ጠብቁ።