የግሪድን ኢነርሺያ ከፍሪኩዌንሲ መረጃ ማስላት

አንድ ጄነሬተር በድንገት ከግሪዱ፣ ማለትም ከኤሌክትሪክ መረቡ፣ ሲወጣ ለእኔ ጥሩ መረጃ መጣ ማለት ነው። ኦፕሬተሮቹ በዚህ አይስማሙም።

እንበል ከጊቤ 3 ተርባይኖች አንዱ 187 ሜጋዋት እያመነጨ ሳለ ወጣ። ፍሪኩዌንሲው (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት) ከ50 ኸርዝ ቁልቁል መውረድ ይጀምራል። በሰከንድ 0.25 ኸርዝ ከወረደ፣ 187ን በ50 አባዙና ለ0.25 እጥፍ፣ ማለትም ለ0.5 አካፍሉ። 18,700 ሜጋዋት-ሰከንድ። የቀሩት ማሽኖች በመሽከርከር የያዙት ጉልበት፣ ማለትም የግሪዱ ኢነርሺያ፣ ይኸው ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ ጣጣው ያለው ቁልቁለቱን መለካቱ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹን 100 ሚሊሰከንድ ገደማ አትመኑ። የፌዝ አንግሉ (የቮልቴጁ ሞገድ በዚያ ቅጽበት ያለበት ደረጃ) ስለሚዘል መለኪያው የሌለ ፍሪኩዌንሲ ያሳያል። በጣም ከዘገያችሁ ደግሞ ገቨርነሮቹ (የተርባይን ፍጥነት መቆጣጠሪያዎቹ) ውኃውን ከፍተው ቁልቁለቱን ያለዝቡታል። እኔ ግማሽ ሰከንድ ያህል ወስጄ ቀጥ ያለ መስመር አሰምርበታለሁ። አንድ ሰብስቴሽን ብቻውን አይበቃም። ለብልሽቱ የቀረበው ከሩቁ ይልቅ ይንገጫገጫል፤ ከተለያየ ቦታ ወስዳችሁ አማካዩን ያዙ።

በዚህ ስሌት ኬንያን አትቁጠሩ። ከወላይታ ሶዶ ሱስዋ የሚሄደው መስመር ዲሲ (ቀጥተኛ ጅረት) ስለሆነ የእነሱ ማሽኖች ከእኛ ጋር እኩል አይሽከረከሩም። ሱዳንና ጅቡቲ ግን በኤሲ (በተለዋዋጭ ጅረት) ነው የሚገናኙት፤ በዚያ ሰዓት መስመሩ ተያይዞ እንደነበር አጣሩ።