ክራንችና ዊልቸር ሞተር ላይ ጭኖ መንዳት፦ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ግራ እግሬን በልጅነቴ ፖሊዮ ነው የጎዳኝ፣ ሁለት የክንድ ክራንች ይዤ ነው የምሄደው፣ ሀዋሳ ውስጥ ቦክሰር ሞተር መንዳት ከጀመርኩ ሰባት አመት ሆነኝ። ማርሹ በግራ እግር ስለሆነ የሚገባው ከማርሹ ፔዳል ወደ ላይ የሚመጣ ብረት አስበይጄ በእጄ ነው የማስገባው። ሰው ሁሌ የሚጠይቀኝ እሱን ነው፣ እኔን ግን ለብዙ ጊዜ ያሰቃየኝ ክራንቹ ነበር፣ የት ላርገው፣ በምን ልሰረው፣ ስደርስስ እንዴት ላውጣው። እዚ የፃፍኩት በራሴ ላይ የደረሰውንና ጓደኞቼ ላይ ያየሁትን ነው።

ስትደርሱ ስትወርዱ ሞተሩ ላያችሁ ላይ ይወድቃል

ከሁሉም ይሄ ስለሚብስ በሱ ልጀምር። መጀመሪያ አካባቢ ክራንቹን ከኋላ ፖርቶመጋላው (እቃ መጫኛው ብረት) ላይ አጋድሜ በገመድ ጥፍር አድርጌ ነበር የማስረው፣ መንገድ ላይ ምንም አይልም፣ በጣም ጥሩ ነበር። አንድ ቀን ዝናብ ዘንቦ አንድ ባንክ በር ላይ አቆምኩና ክራንቹን ለመፍታት መውረድ ነበረብኝ፣ ለመውረድ ደግሞ ክራንቹ ያስፈልገኛል፣ ስለዚ መሪውን ይዤ በቀኝ በኩል ልወርድ ስል ክብደቴ ሞተሩን ወደኔ ሳበውና አብረን ወደቅን። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ትኩስ ነው፣ ጥበቃው ሮጦ መጥቶ እስኪያነሳልኝ ድረስ ባቴን አቃጥሎኝ ነበር፣ ጠባሳው አሁንም አለ።

ምክንያቱ ግልፅ ነው። የጎን ስታንዱ ያለው በግራ ነው፣ ሞተሩ ወደ ግራ ሲያዘነብል ይቆማል፣ በቀኝ በኩል ሆናችሁ ከጎተታችሁት ግን የሚይዘው ነገር የለም። ክራንቹ በእጃችሁ ከሌለ ደግሞ ሞተሩን መጎተታችሁ አይቀርም፣ ሌላ የምትይዙት ነገር የለማ።

ስለዚ ማሰሪያውን ከማሰራታችሁ በፊት ወንበሩ ላይ ተቀምጣችሁ እጃችሁ የት ድረስ እንደሚደርስ ለኩ። የክራንቹ እጀታ ወገባችሁ አጠገብ መሆን አለበት፣ ሳትዞሩ፣ ሳታዩ፣ በአንድ እጅ አውጥታችሁ መያዝ መቻል አለባችሁ። እኔ እንዲህ ነው የማረገው፦ ስታንዱን አወርዳለሁ፣ ሞተሩን አጠፋለሁ፣ እንዳይንከባለል አንደኛ ማርሽ ላይ እተወዋለሁ፣ ቁልቁለት ከሆነ ፊቱን ወደ ዳገቱ አዙሬ ነው የማቆመው። ከዛ እንደተቀመጥኩ ሁለቱንም ክራንች አወጣለሁ፣ አንዱን በቀኝ መሬት ላይ እተክላለሁ፣ ግራ እግሬን በእጄ አንስቼ በታንከሩ ላይ አሳልፈዋለሁ፣ ከዛ ነው የምቆመው፣ መሪውን አልይዝም። እግራችሁ በሌላው በኩል ከሆነ አወራረዱን ገልብጡት፣ ክራንች ቀድሞ ሰው የሚከተል የሚለው ግን ለሁላችንም ያው ነው።

ክራንቹ እየተንኳኳ ይንሸራተታል፣ ኮብልስቶን ላይ ይወድቃል

አንድ ቦታ ላይ ብቻ ስለታሰረ ነው። የሚለጠጥ ገመድ ብቻውን ምንም ያህል ብታጠብቁት ኮብልስቶን ላይ ይዘላል፣ በየዝላዩ ክራንቹ ትንሽ ትንሽ ይወጣል፣ ሳታውቁት አንዱ ጠፍቶ ትደርሳላችሁ። ከታች የሚቀመጥበት ከላይ የሚያዝበት ሁለት ቦታ ያስፈልገዋል።

ለታችኛው 63 የሚባለውን (63 ሚሊ ውፍረት ያለውን) የፒቪሲ ቱቦ ገዝታችሁ 15 ሳንቲም ያህል አስቆርጡ፣ ለያንዳንዱ ክራንች አንድ አንድ። ታቹን በላሜራ ድፈኑት ግን መሃሉን ብሱት፣ ካልተበሳ ክረምት ላይ ውሃና ጭቃ ይጠራቀምና የክራንቹ ጎማ ረጥቦ ትወርዳላችሁ። ቱቦውን በያጅ ጋር ወስዳችሁ ከኋላ ጎማው ጎን ባለው ብረት ላይ በክላምፕ አሲዙት፣ ክራንቹ ከላይ ወደናንተ ትንሽ ዘንበል እንዲል። ከላይ ደግሞ ከፖርቶመጋላው ላይ የዩ ቅርፅ ያለው ብረት አስወጥታችሁ ውስጡን በአሮጌ ካላማዳሪ ጠቅልሉት፣ ክራንቹ ሲገፋ ጥብቅ ብሎ ይገባል ድምፅም የለውም። በላዩ ላይ ከዛው ካላማዳሪ የተቆረጠ ማሰሪያ፣ ጫፉ ላይ ቋጠሮ ያለው፣ ሲሳብ ወዲያው የሚለቅ። ጣታችሁ ቀዝቅዞም ቢሆን መፍታት መቻል አለበት፣ ቤት ውስጥ አይናችሁን ጨፍናችሁ ሞክሩት።

በያጁ እኔ ጋር መጀመሪያ "ወንድሜ ከኋላ አጋድሜ ልስራልህ፣ ያምራል" ብሎኝ ነበር። ሞተሩ ላይ ቁጭ ብዬ እጄን ዘርግቼ ካሳየሁት በኋላ ነው የገባው፣ ከዛ ራሱ በጠመኔ ምልክት አድርጎ ለካ። እናንተም ሞተሩን ብቻ አትላኩ፣ ራሳችሁ ሄዳችሁ ተቀመጡበት።

የክራንቹ ጎማ ይቀልጣል ወይም ሴራሚክ ላይ ያንሸራትታል

ማርሚታው በቀኝ ስለሆነ በቀኝ የታሰረ ክራንች ጎማው ለሙቀቱ ይጋለጣል። መጀመሪያ ይለሰልሳል፣ ከዛ ፊቱ እንደ መስታወት ልሙጥ ይሆናል፣ ሲታይ ደህና ይመስላል፣ ሆስፒታል ወይ ቢሮ ገብታችሁ እርጥብ ሴራሚክ ስትረግጡ ግን ይከዳችኋል። መፍትሄው በግራ ማድረግ ነው፣ የካቴናው ሽፋን ካለ። ሽፋኑን ያነሱ ብዙ ሞተሮች አሉ፣ እባካችሁ መልሳችሁ አስገጥሙት። የግድ በቀኝ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ በማርሚታውና በቱቦው መሃል ላሜራ ይግባ፣ ላሜራውም ማርሚታውን አይንካ። ጎማው ላይ ያሉት ክቦች ከጠፉ ደግሞ ሳታመነቱ ቀይሩ።

ክራንቹ ወደ ጎን ይወጣል፣ ሰው ይነካል

አግድም አትሰሩ፣ በቃ። የአዋቂ የብብት ክራንች 1 ሜትር ከ20 አካባቢ ይሆናል፣ ከመሪው ስፋት ይበልጣል፣ እናንተ ያለፋችሁበትን እሱ አያልፍም፣ ባጃጅ ጎን ስታልፉ ወይ ልጅ ከመንገድ ዳር ሲቆም ያኔ ነው ጉዱ። ከኋላ የተቀመጠ ሰውም ጭኑ ላይ አጋድሞ እንዲይዝላችሁ አታድርጉ። ከጨረሳችሁ በኋላ ደግሞ ፍሬቻውና ታርጋው እንዳልተሸፈነ ከኋላ ቆማችሁ እዩ።

ዊልቸር ሲጫን መሪው ይቀላል፣ ሞተሩ ይወዛወዛል

የሆስፒታል አይነቱ የብረት ዊልቸር 18 ኪሎ አካባቢ ነው። ታጥፎ ፖርቶመጋላው ጫፍ ላይ ሲቆም ክብደቱ ከኋላ ጎማው መሃል አልፎ ወደኋላ ይሄዳል፣ ፊተኛው ጎማ ይነሳል፣ ዳገት ላይ መሪው በእጃችሁ የሌለ ያህል ይቀላል፣ ንፋስ ሲመጣ ደግሞ እንደ ሸራ ይሰበስበዋል። ጎማዎቹ የሚወልቁ ከሆነ አውልቃችሁ ገላውን ከጀርባችሁ አስጠግታችሁ ዝቅ አድርጋችሁ እሰሩ፣ የኋላ ጎማውን ነፋስ ለጭነት በሚባለው ልክ አስሞሉ፣ መጀመሪያ ባዶ ሜዳ ላይ ሞክሩ። እውነቱን ለመናገር ግን በየቀኑ ዊልቸር ለሚጠቀም ሰው ባለ ሁለት ጎማ ሞተር አልመክርም። ባለ ሶስት ጎማ ይሻላል፣ ዊልቸሩ ከጎን ይታሰራል፣ ስትቆሙም ሚዛን መጠበቅ የለም።

ባለ ሶስት ጎማው ላይም ከነዊልቸራችሁ የምትወጡበት መወጣጫ ስታሰሩ ተጠንቀቁ። ብቻውን ለሚወጣ ሰው የሚመከረው ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው፣ ማለት ወለሉ 40 ሳንቲም ከፍ ቢል ወደ 5 ሜትር የሚጠጋ መወጣጫ ይፈልጋል፣ እሱን ማንም ይዞ አይዞርም። ስለዚ ገንዘባችሁን መወጣጫው ላይ ከምታወጡ ወለሉን ዝቅ የሚያደርግላችሁ በያጅ ፈልጉ።

ክራንቹ ራሱ ይላላል፣ ሲረገጥ ሲጥ ይላል

የሞተር ንዝረት ነው። የእንጨቱ ክራንች ዳዶዎች ይፈታሉ፣ ስር ሮንዴላ አስገብታችሁ በላዩ ሁለተኛ ዳዶ ደርባችሁ አጥብቁ። በአሉሚኒየሙ ላይ ቁመት የምታስተካክሉባት ብቅ የምትል ቁልፍ አለች፣ ጭቃ ሲገባባት ግማሽ ብቻ ትወጣለች፣ ክብደታችሁን ስትጥሉባት ትገባና ክራንቹ ያጥራል። በየሳምንቱ በውሃና በጥርስ ብሩሽ እጠቡዋት፣ ጠቅ ብላ ስትወጣ በጆሯችሁ ስሙ። እዛው ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ካያችሁ በፕላስተር አትጠቅልሉት፣ አታስበይዱትም፣ ክራንቹን ቀይሩት።