በወሎ ሆስፒታሎች ካርድ ላይ ተመሥርቶ የስኪዞፍሬንያ ታካሚዎችን የማሰብና የማስታወስ አቅም መድከም ለማጥናት

በደሴ፣ በወልድያ፣ በኮምቦልቻ ወይም በከሚሴ ለዓመታት የተከማቹ የአእምሮ ሕክምና ካርዶች፣ ስኪዞፍሬንያ (ሐሳብንና ስሜትን የሚያዛባ፣ የሌለ ድምፅ እስከ ማሰማት የሚደርስ የአእምሮ ሕመም) ያለባቸው ሰዎች ትኩረታቸው፣ የማስታወስ ችሎታቸውና ነገርን አቅዶ የመፈጸም አቅማቸው በጊዜ ሂደት ምን እንደሚሆን ሊያሳዩ የሚችሉ ውድ ሰነዶች ናቸው። ካርዱ ግን የተጻፈው ለሕክምና እንጂ ለጥናት አይደለም፤ በካርድ ላይ ያልተጻፈ ነገር ታካሚው ላይ የለም ማለት እንዳልሆነ ከመጀመሪያው ቀን ልብ ያላለ ተመራማሪ፣ ሕመሙን ሳይሆን የጸሐፊዎቹን ልማድ አጥንቶ ይወጣል።

ጥያቄውን አጥብበው ይጀምሩ። ጀርመናዊው የአእምሮ ሐኪም ኤሚል ክሬፕሊን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ይህን ሕመም ያለ ዕድሜ የመጣ የአእምሮ መድከም አድርጎ ሰይሞት ነበር፤ ስዊዘርላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ኦይገን ብሎይለር በ1908 እ.ኤ.አ. ስኪዞፍሬንያ የሚለውን ስም ሲያወጣ ደግሞ ሕመሙ ሁሉንም ወደዚያ እንደማያደርስ አይቶ ነበር። ዛሬ እንደሚታወቀው በብዙዎቹ ታካሚዎች ላይ የትኩረት፣ የማስታወስና የአስተሳሰብ ፍጥነት ጉድለት የሚታየው ሕመሙ ገና ሲጀምር፣ አንዳንዴም ከዚያ በፊት ነው። ስለዚህ ጉድለት መኖሩና ጉድለቱ እየባሰ መሄዱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሚያጠኑት ሁለተኛውን ከሆነ፣ ከአንድ ሰው ካርድ በዓመታት የተራራቁ ቢያንስ ሦስት ምዘናዎች ካላገኙ ያንን ካርድ ለዚህ ጥያቄ ባይጠቀሙበት እመክራለሁ።

ካርድ ክፍል ከመግባትዎ በፊት የተቋሙን የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ይያዙ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ንም ያንብቡ። ስምን በኮድ መተካት ብቻውን አይበቃም። በእኛ አገር ትንሽ ከተማ ውስጥ ዕድሜ፣ ቀበሌና ሥራ አንድ ላይ ከተጻፉ ጎረቤት ሰውየውን ያውቀዋል፤ የአእምሮ ሕመም ወሬ ደግሞ ትዳርንና የእህትን እጮኝነት ሳይቀር ያፈርሳል። ስለዚህ ቀበሌውን ትተው ከተማ ወይም ገጠር ብለው ብቻ ይመዝግቡ።

ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የሚወስደው ሥራ ይመጣል፤ የአንድን ሰው ካርዶች አንድ ላይ ማሰባሰብ። ካርዱ የጠፋበት ታካሚ አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ስሙም በአንዱ ላይ ሙሐመድ፣ በሌላው ላይ መሀመድ፣ በሦስተኛው ላይ ሙሃመድ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ወደ አንድ ፊደል ካመጡ በኋላ ስምን ከአባትና ከአያት ስም፣ ከፆታና ከግምታዊ ዕድሜ ጋር ያመሳክሩ። ዕድሜ ራሱ በአብዛኛው በግምት ስለሚጻፍ 30፣ 35 እና 40 ላይ ተከማችቶ ያገኙታል። ከሁሉ የሚከፋው የቀን አጻጻፍ ነው። ካርድ ላይ 12/05/2013 ተብሎ ቢጻፍ በእኛ አቆጣጠር ጥር 12 ቀን 2013 ሊሆን ይችላል፤ ጸሐፊው የተጠቀመው የፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ግን ግንቦት 4 ቀን 2005 ነው። በመካከላቸው ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ አለ፤ የአቅም መድከምን በዓመታት የሚለካ ጥናት በዚህ አንድ ስሕተት ይፈርሳል። ከፊትና ከኋላ ያሉትን ቀጠሮዎች ሳያዩ የትኛውንም ቀን አይቀበሉ።

አሁን ምን እንደሚፈልጉ ይወስኑ። በብዙ ካርዶች ላይ መደበኛ ፈተና አይገኝም፤ ቢገኝም ከ30 የሚታረመው የአእምሮ ሁኔታ መመዘኛ ማንበብና መጻፍን ስለሚጠይቅ ፊደል ያልቆጠረን ገበሬ ከአስተማሪ ጋር ለማወዳደር አይሆንም፤ ሰውን ከቀድሞ ራሱ ጋር ብቻ ያወዳድሩበት። በየቀጠሮው የሚደጋገመው «ጊዜን፣ ቦታንና ሰውን ያውቃል» የሚል ዓረፍተ ነገርም ብዙ አይጠቅምም፤ ስኪዞፍሬንያ ያለበት ሰው የማስታወስ ችግር እያለበት እነዚህን በትክክል ሊመልስ ይችላል። ይልቅ የቤተሰቡን ቃል ይፈልጉ። እናት «ቀልቡ አይሰበሰብም» ትላለች፤ ወንድም «ባቲ ሰኞ ገበያ ልከነው የተላከበትን ረስቶ ባዶ እጁን መጣ» ይላል፤ ባል ደግሞ «አቦሉን ቀድታ ቶናውን ሳታፈላ ትነሣለች» ብሎ ያስረዳል። የመጨረሻው ቃል ነገርን በቅደም ተከተል የመፈጸም አቅምን ከብዙ ወረቀት ላይ ፈተና በተሻለ ይናገራል። ሐኪሙ ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ አሳጥሮ «ይረሳል» ብቻ ብሎ ሊጽፈው ስለሚችል፣ የትኛው ቃል በየትኛው መደብ እንደሚመዘገብ የሚያሳይ የቃላት መመሪያ አስቀድመው ያዘጋጁ። እያንዳንዱም ምልክት ሦስት ምርጫ ይኑረው፤ አለ፣ ተጠይቆ የለም፣ አልተጻፈም። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መቀላቀል የዚህ ዓይነት ጥናት ትልቁ ስሕተት ነው።

መድኃኒቱን በየቀጠሮው ከነመጠኑ ይመዝግቡ። ለሕመሙ የሚሰጡት ሃሎፔሪዶል ወይም የሞዴኬት መርፌ የሚያስከትሉትን መንቀጥቀጥና መገተር ለማስታገስ የሚታዘዘው አርቴን የተባለ እንክብል ራሱ ማስታወስን ያደክማል፤ ሌላው የሕመሙ መድኃኒት ክሎርፕሮማዚንም ያፈዛል። «ፈዟል» የሚለው ቃል ከመድኃኒት ለውጥ በኋላ ከመጣ፣ ምናልባት ያጠኑት የሕመሙን ሳይሆን የእንክብሉን ሥራ ነው። ጫት፣ መጠጥ፣ በጭንቅላት ላይ የደረሰ ጉዳት፣ የሚጥል በሽታ፣ ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝና የታይሮይድ ችግር በካርዱ ላይ ካሉ ለብቻ ይያዙ።

የጎደሉ ዓመታትም የራሳቸው ምክንያት አላቸው። ታካሚው ጸበል ገብቶ፣ ወይም ሼሁ ዘንድ ዱዓ ሲደረግለት ከርሞ ሊሆን ይችላል፤ ተሽሎት ቀርቶ፣ ሞቶም ሊሆን ይችላል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ብዙ የጤና ተቋማት ስለተዘረፉ በዚያ ወቅት ያለ ክፍተት ታካሚው ክትትል አቋረጠ ተብሎ አይመዘገብም። ደግሞም የባሰበት ሰው ቶሎ ቶሎ ስለሚመጣ ብዙ ይጻፍለታል። የጉብኝት ብዛትን በትንተናው ውስጥ ካላስገቡ ሕመሙ ከሚገባው በላይ የከፋ መስሎ ይታያል።

ወደ ሙሉ ሥራው ከመግባትዎ በፊት ሁለት ሰዎች ተነጋግረው ሳይሆን ለየብቻ ተመሳሳይ 30 ካርዶችን ያንብቡ፤ ስምምነታቸው በካፓ (በአጋጣሚ ከሚመጣው በላይ ምን ያህል እንደተስማሙ በሚያሳይ ስታቲስቲካዊ መለኪያ) ይለካ፤ የተለያዩበትን ቃል መመሪያው ላይ አርመው እንደገና ይሞክሩ። ይህን ለመዝለል የሚፈተን ብዙ ተማሪ አይቻለሁ፤ እባክዎ አይዝለሉት።

ሥራው ሲያበቃ ውጤቱን ለክፍሉ ነርሶችና ሐኪሞች ይዘው ይመለሱ፤ በክትትል ካርዱ ላይም ሁለት መስመሮች እንዲጨመሩ ይጠይቁ። አንዱ ታካሚው ባለፈው ወር ብቻውን የሠራው ሥራ ምን እንደሆነ፣ ሌላው ቤተሰቡ ስለ ማስታወሱ በራሱ አንደበት ያለው ቃል፣ ሳይተረጎም።