በእንግሊዝኛ ሲሠራ የዋለ ኮድ አማርኛ ሲመጣ ለምን ይወድቃል? ከባይት ጋር የምንሠራቸው ስህተቶች

«ሰላም» ሦስት ፊደል ነው። ኮምፒውተር ፊደልን ወደ ባይት (ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር) በሚቀይርበት በዩቲኤፍ-8 ግን ዘጠኝ ባይት ይፈጃል። «ሰ» ብቻዋን 225፣ 136 እና 176 ናት። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ብቻ ስለሆነች በእንግሊዝኛ ስንሞክር ሁሉም ነገር ሰላም ይመስላል። አማርኛ ሲገባ ነው ጉድ የሚፈላው።

ርዝመትን በፊደል መቁጠር

የ«ሰላም»ን ርዝመት ጃቫስክሪፕት የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ብትጠይቁት 3 ይላችኋል። ፓይተን የሚባለውም 3 ይላል፤ ጎ የሚባለው ግን ባይቱን ስለሚቆጥር 9። በኤችቲቲፒ (ድረ ገጽና ሰርቨር በሚነጋገሩበት ደንብ) የመልእክቱን ርዝመት የሚናገረው፣ ኮንተንት ሌንግዝ የሚባለው ሄደር የሚፈልገው የባይቱን ብዛት ነው። እዚያ ላይ 3 ብላችሁ ከጻፋችሁ ተቀባዩ ሦስት ባይት አንብቦ ያቆማል። የሚደርሰው «ሰ» ብቻ ነው። የቀሩት ስድስት ባይቶች ደግሞ፣ ግንኙነቱ ክፍት ከሆነ፣ የሚቀጥለው መልእክት መጀመሪያ ተደርገው ሊነበቡ ይችላሉ። ይህ የደህንነት ቀዳዳ ነው። መጀመሪያ ወደ ባይት ቀይሩ፣ ከዚያ ቁጠሩ።

ፊርማን መልሰን በጻፍነው ጄሰን ላይ ማረጋገጥ

ይቺ እኔን አቃጥላኛለች። «ክፍያው ተፈጽሟል» የሚል መልእክት ከአንድ የክፍያ ድርጅት ወደ እኛ ሰርቨር ፊርማ (መልእክቱ እንዳልተቀየረ የሚያሳይ፣ ከባይቶቹ የሚሰላ ኮድ) ይዞ ይመጣ ነበር። እኔ ጄሰኑን (መልእክቱ የተጻፈበትን የዳታ ቅርጽ) እፈታዋለሁ፣ በፓይተን መልሼ እጽፈዋለሁ፣ ፊርማውን በእሱ ላይ አሰላለሁ። ፓይተን ከነጠላ ሰረዝና ከሁለት ነጥብ በኋላ የሚጨምረውን ክፍት ቦታ እንኳ አጥፍቼ ነበር። ስማቸውን በእንግሊዝኛ የጻፉ ደንበኞች ያልፋሉ። በአማርኛ የጻፉት ይወድቃሉ።

ምክንያቱን እስካገኘው ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ፓይተን ጄሰን ሲጽፍ ካልከለከሉት በቀር «ሰ»ን እንዳለች አይተዋትም። የኋላ ጭረት፣ ዩ እና 1230 (ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት ዝርዝር የ«ሰ» ቁጥር) አድርጎ በስድስት ባይት ይጽፋታል። ላኪው ግን ጃቫስክሪፕት ስለነበር በሦስት ባይት እንዳለች ልኳታል። ሁለቱም ሲፈቱ ያው «ሰ» ናቸው፤ ፊርማውን ከባይቶቹ ለሚያሰላው ሃሽ ግን አይተዋወቁም።

መፍትሔው ቀላል ነው። የመጣውን ባይት ሳትነኩ ያዙት፣ ፊርማውን በእሱ ላይ አረጋግጡ፣ ከዚያ በኋላ ጄሰኑን ፍቱ። እነዚያ ሰዎች ገንዘባቸውን ከፍለው «አልከፈላችሁም» መባላቸው ዛሬም ይቆጨኛል።

እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው ዲኮድ ማድረግ

ኔትወርክ ፊደል አያውቅም፤ ባይቶቹን በቁራጭ በቁራጭ ነው የሚያደርሰው። አንዱ ቁራጭ 225 እና 136 ላይ ሊያልቅ ይችላል፤ 176 በሚቀጥለው ይመጣል። በጃቫስክሪፕት ለየብቻ ዲኮድ ካደረጋችኋቸው (ወደ ፊደል ከመለሳችኋቸው) በ«ሰ» ቦታ ጥቁር አልማዝ ውስጥ ያሉ የጥያቄ ምልክቶች ታያላችሁ። ወይ ሁሉም እስኪደርስ ጠብቁ፣ ወይ የተረፈውን ባይት ለቀጣዩ ቁራጭ የሚያቆይ ዲኮደር ተጠቀሙ። ሁለቱም በጃቫስክሪፕትም በፓይተንም አሉ።

እባካችሁ «ስህተቱን ዝለለው» የሚለውን አማራጭ አትንኩ። ምንም ሳይናገር ፊደሏን ያጠፋታል፤ የሰው ስም ጎድሎ ዳታቤዝ ውስጥ ይገባል። ኮዱ ቢቆምና ቢጮህ ይሻላል።

ጥሬ ባይትን ጽሑፍ ነው ብሎ መላክ

ፎቶ ወይም የተመሰጠረ ዳታ ጽሑፍ አይደለም። በግድ ወደ ስትሪንግ ከለወጣችሁት ይበላሻል። በሲ የተጻፈ ፕሮግራም ደግሞ ዜሮ ባይት ሲያይ ስትሪንጉ አለቀ ብሎ ያስባል። በጄሰን መላክ ካለበት ባይትን ወደ ተራ የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ቁጥሮችና ምልክቶች በሚቀይረው በቤዝ64 አድርጉት። ሦስቱ ባይት አራት ይሆናል፣ ግን በደህና ይደርሳል።

በባይት የተቀመጠን ገደብ መርሳት

ፓስወርድ ለመጠበቅ የምንጠቀምበት ቢክሪፕት የሚያየው 72 ባይት ብቻ ነው። በአማርኛ 24 ፊደል መሆኑ ነው። ብዙ ላይብረሪዎች ከዚያ በኋላ ያለውን ዝም ብለው ይጥሉታል። ረጅም የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ፓስወርድ ያደረገ ሰው መጨረሻውን ቢሳሳትም ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ፓስወርዱን ስትቀበሉ ባይቱን ቆጥራችሁ ከ72 ካለፈ ለሰውየው ንገሩት።

ማይኤስኪውኤል በተባለው ዳታቤዝ ላይ ዩቲኤፍ8 የሚባለው የቆየ አማራጭ ደግሞ ለአንድ ፊደል ከሦስት ባይት በላይ አይቀበልም። አማርኛ በሦስት ስለሚያልቅ ችግሩ አይታይም። ለጉራጌኛ በ2021 በዩኒኮድ 14 የተጨመሩት ፊደላት ግን አራት አራት ባይት ናቸው፤ አብዛኛው ኢሞጂም እንደዚሁ። ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 የሚለውን ምረጡ። ሠንጠረዡ ላይ ብቻ ሳይሆን ፕሮግራማችሁ ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኝበት መስመር ላይም ጻፉት።