እዚያው እያሉ የሚያመልጡን ጋላክሲዎች፦ ትልቅ ቴሌስኮፕ ይዘን የምንሠራቸው ስህተቶች

"የሴይፈርት ስድስቶች" የሚባለውን የጋላክሲ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ የፈለግኩበት ሌሊት አይረሳኝም። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ጨረቃ የለችም፤ ቴሌስኮፑም 18 ኢንች መስታወት ያለው ነው። ካርታውን እያየሁ ቦታውን አገኘሁት። አይፒሱ (ዓይናችንን የምናስጠጋበት ሌንስ) ውስጥ ግን የጠበቅኩት ነገር የለም። የጥጥ ብናኝ የመሰለች አንዲት ነጠብጣብ ብቻ። "በቃ ይቺው ናት?" ብዬ ወደ ሌላ ዞርኩ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ የምፈልገው ሁሉ እዚያችው ብናኝ ውስጥ ነበር። ትቼው የሄድኩት እኔ ነኝ።

እንዲህ ያሉ ቡድኖች ብዙ ናቸው። ካናዳዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ፖል ሂክሰን እ.ኤ.አ. በ1982 በካሊፎርኒያው የፓሎማር የሰማይ መመልከቻ ጣቢያ የተነሱ የሰማይ ፎቶግራፎችን አበጥሮ 100 ቡድኖችን በዝርዝር አወጣ። መስፈርቱ ቢያንስ አራት ጋላክሲዎች ተጠጋግተው፣ ከሌላው ተነጥለው መገኘታቸው ነበር። ትልቅ ቴሌስኮፕ ያለው አማተር ሁሉ አንድ ቀን ይህን ዝርዝር ይዞ መውጣቱ አይቀርም። ብዙዎቻችን ደግሞ የምንሳሳተው እዚያው ተመሳሳይ ቦታ ላይ ነው።

ማጉላትን መፍራት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። "ደብዛዛ ነገር በትንሽ ማጉያ ነው የሚታየው" የሚል ምክር አለ። ለሰፊ ኔቡላ (የጋዝና የአቧራ ደመና) ሊሠራ ይችላል። ለእነዚህ ትንንሽ ጋላክሲዎች ግን ጉድ ነው የሚሠራን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማጉያ ስንጨምር ጋላክሲው ይደበዝዛል፤ እውነት ነው። ግን ከኋላው ያለው ሰማይም በዚያው ልክ ይጨልማል። የሁለቱ ልዩነት ያው ነው። የሚቀየረው ስፋቱ ነው። ጨለማ ውስጥ የሚሠሩት የዓይናችን ሕዋሳት ብርሃን የሚያጠራቅሙት ተባብረው ነው። ስለዚህ ከትንሽ ደብዛዛ ነጠብጣብ ይልቅ ሰፋ ያለ ደብዛዛ ነገር ቶሎ ያያሉ።

የሴይፈርትን ቡድን እንውሰድ። ጠቅላላው ከሙሉ ጨረቃ ስፋት አንድ ሃያኛ ገደማ ነው። በ75 እጥፍ ስናየው ቡድኑ በሙሉ ጨረቃን በባዶ ዓይን ከምናያት አራት እጥፍ እንኳ አይሞላም። እዚያች ውስጥ በርካታ ጋላክሲዎች ተጨናንቀዋል። በ300 እጥፍ ግን አሥራ አምስት ያህል ጨረቃ ጎን ለጎን እንደመደርደር ይሆናል። በመካከላቸው ያለው ጥቁር ክፍተት ብቅ የሚለው ያኔ ነው። ክፍተቱ ካልታየ ደግሞ ቡድን የሚባል ነገር የለም፤ ብናኝ ብቻ ነው ያለው።

እኔ አሁን በትንሽ ማጉያ ቦታውን አገኛለሁ። ከዚያ 150፣ ከዚያ 250፣ ከዚያ ከ300 በላይ እወጣለሁ። የማቆመው ኮከቦቹ አብጠው መንቀጥቀጥ ሲጀምሩ ነው። በየደረጃው ቢያንስ አምስት ደቂቃ። አንዳንዱ ጋላክሲ በአንዱ ማጉያ ይደበቅብኛል፤ በሌላው ማጉያ ይወጣል። በአሰድ ኅብረ ከዋክብት አንገት ላይ ያለው ሂክሰን 44 (በሂክሰን ዝርዝር 44ኛው ቡድን) ጥሩ ምሳሌ ነው። ከአራቱ ሦስቱ በቀላሉ ይታያሉ። አራተኛው፣ ኤንጂሲ በሚባለው የሰማይ አካላት ካታሎግ ቁጥሩ 3187 የሆነው፣ ብርሃኑ የተበተነ ነው። እኔ ያገኘሁት በመካከለኛ ማጉያ ነው፤ በትልቁ ጠፍቶብኝ ነበር። ስለዚህ አንድ አይፒስ ላይ ችክ አትበሉ።

ፊት ለፊት ማፍጠጥ

የዓይናችን መሐል በቀን ብርሃን ለማንበብ የተሠራ ነው። በጨለማ ዕውር ነው ማለት ይቻላል። ደብዛዛ ነገር የሚታየው ትንሽ ወደ ጎን ሲያዩ ነው። ይሄን ብዙ ሰው ያውቃል። የማያውቀው የቱ ጎን እንደሆነ ነው።

እያንዳንዱ ዓይን ምንም የማያይበት አንድ ነጥብ አለው፤ የዓይን ነርቭ የሚወጣበት ቦታ ነው። በቀን ሞክሩት። ወረቀት ላይ በ8 ሳንቲሜትር ርቀት ሁለት ነጥብ አድርጉ። ግራ ዓይናችሁን ሸፍኑ። በቀኝ ዓይናችሁ የግራውን ነጥብ ብቻ እያያችሁ ወረቀቱን ቀስ ብላችሁ አርቁ፣ አቅርቡ። 30 ሳንቲሜትር አካባቢ ሲደርስ የቀኙ ነጥብ እልም ይላል። መጀመሪያ ስሞክረው ደንግጬ ነበር።

አይፒሱ ላይም እንዲሁ ነው። በቀኝ ዓይን እያየን ከጋላክሲው ወደ ግራ ከተመለከትን፣ ጋላክሲው ልክ እዚያች ጉድጓድ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ በቀኝ ዓይን ስታዩ ከጋላክሲው ወደ ቀኝ ተመልከቱ፤ በግራ ዓይን ከሆነ ወደ ግራ። ወደ ላይ ማየትም ይሠራል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ አሁንም የሚያስቀኝ ዘዴ ነው። የቴሌስኮፑን ቱቦ በጣታችሁ መታ አድርጉት። ምስሉ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። የዓይናችን ጠርዝ እንቅስቃሴ ይወዳል፤ ጠፍቶ የነበረው ጋላክሲ ድንገት ብቅ ይላል።

ቶሎ መነሳት

ሰላሳ ሰከንድ አይቶ "የለም" ማለት። እኔም ብዙ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ዓይን ጨለማውን ለመልመድ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል። ከዚያ በኋላም ቢሆን ደብዛዛ ጋላክሲ እንደ ፎቶ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ብልጭ ይልና ይጠፋል። ደጋግሞ አንድ ቦታ ላይ ብልጭ ካለ፣ አለ ማለት ነው።

ስለዚህ ወንበር ያስፈልጋል። ቆሞ፣ አንገት ተጣሞ፣ ጀርባ እያመመ አሥራ አምስት ደቂቃ ማየት አይቻልም። ጥቁር ጨርቅ ጭንቅላት ላይ መጣልም ይጠቅማል፤ የጎን ብርሃን ይጋርዳል። ትንፋሻችሁን አትያዙ። ሳናውቀው እንይዘዋለን። ዓይን ኦክሲጅን ሲያጣ መጀመሪያ የሚጎዳው የጨለማ እይታው ነው።

ስልክ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አንዴ ብቻ ሰዓት ለማየት ብላችሁ ከከፈታችሁት የግማሽ ሰዓት ትዕግሥታችሁ ገደል ገባ። ቀይ መብራት ይሻላል፤ ግን ቀይ ስለሆነ ብቻ ችግር የለውም ማለት አይደለም። ቀዩም ደብዘዝ ማለት አለበት።

ቁጥሩን ብቻ ማመን

ካታሎጉ "13ኛ ማግኒቲውድ" ይላል፤ ማግኒቲውድ የብርሃን ድምቀት መለኪያ ነው። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ብርሃኑ ይቀንሳል። "የእኔ ቴሌስኮፕ 15 ድረስ ያያል፤ ታዲያ 13 ምን ይከብዳል?" ብለን እንነሳለን። የኮከብ ብርሃን ነጥብ ላይ የተሰበሰበ ነው። የጋላክሲው ያው መጠን ያለው ብርሃን ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ተበትኗል። ስለዚህ ቁጥሩ እኩል የሆነ አንድ ጋላክሲ በቀላሉ ይታያል፤ ሌላው ያስለቅሳል። ከቁጥሩ ጋር ስፋቱንም ተመልከቱ።

ፎቶውን አስቀድሞ ማጥናት

ይሄኛው ረቀቅ ያለ ነው። ቀን ፎቶውን አይተን፣ የት የት እንዳሉ ሸምድደን እንወጣለን። ከዚያ አይፒሱ ላይ ስንቀመጥ ዓይናችን ሳይሆን ትዝታችን ነው የሚያየው። አንድ ሌሊት በሂክሰን 57 ሰባት ጋላክሲ ቆጥሬ በደስታ ተኛሁ። ይሄ ቡድን "የኮፕላንድ ሰባቶች" ይባላል፤ ራልፍ ኮፕላንድ እ.ኤ.አ. በ1874 ያገኛቸው በአየርላንድ ባለው ባለ 72 ኢንቹ የሎርድ ሮስ ቴሌስኮፕ ነበር። በማግስቱ የሣልኩትን ከፎቶው ጋር ሳስተያይ ከሰባቱ ሁለቱን ያስቀመጥኩት ባዶ ሰማይ ላይ ነው። አቅጣጫውን ገልብጬ ነበር የሸመደድኩት።

አሁን የምይዘው ኮከቦች ብቻ ያሉበትን ካርታ ነው። መጀመሪያ እሥላለሁ፤ በኋላ ነው ከፎቶው ጋር የማመሳክረው። ምዕራብ የት እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ቴሌስኮፑን ከሰማዩ ጋር የሚያዞረውን ሞተር ማጥፋት በቂ ነው። ኮከቦቹ የሚንሸራተቱበት ጎን ምዕራብ ነው።

"የስቴፋን አምስቶች" የሚባለው ሌላ የጋላክሲ ቡድንም ለዚህ ጥሩ ፈተና ነው። ኤንጂሲ 7318 የሚባሉት ሁለቱ ተጣብቀው አንድ ረዘም ያለ ብርሃን ይመስላሉ። የሁለቱን እምብርት ሳትለዩ "አምስቱንም አየሁ" አትበሉ። ከአምስቱ ኤንጂሲ 7320 ደግሞ ዘመዳቸው አይደለም። እሱ 40 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ነው የሚርቀው፤ ሌሎቹ ወደ 300 ሚሊዮን ይጠጋሉ። በአጋጣሚ ፊታቸው ቆሞ ነው።

ትንንሾቹ

መስታወቱ ሳይቀዘቅዝ አትጀምሩ። ትልቅ መስታወት ሙቀቱን ለመልቀቅ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድበት ይችላል፤ ከኋላው ማራገቢያ ካለ አብሩት። የሁለቱን መስታወት አሰላለፍ ሁሌም አረጋግጡ፤ በትልቅ ማጉያ ትንሿ መዛነፍ ትጋለጣለች።

ለኔቡላ የሚሸጡትን ማጣሪያዎች ለዚህ ሥራ እናውጣ ብላችሁ አትልፉ። የጋላክሲ ብርሃን በአብዛኛው የኮከብ ብርሃን ነው፤ ማጣሪያው ሰማዩን ሲቀንስ ጋላክሲውንም አብሮ ይቀንሰዋል።

ቡድኑ ከፍ እስኪል ጠብቁ። ከአድማስ 30 ዲግሪ ላይ ሲሆን ብርሃኑ የሚያልፍበት አየር ከአናታችን በላይ ካለው እጥፍ ነው።

ወደ ሴይፈርት ስድስቶች ከዓመት በኋላ ተመለስኩ። ያው ቴሌስኮፕ፣ 330 እጥፍ፣ ወንበር፣ ራሴ ላይ ጥቁር ጨርቅ። ሃያ ደቂቃ ያህል ምንም አልተለወጠም። ከዚያ ብናኟ ተሰነጠቀች። ሁለት ሆነች፤ ትንሽ ቆይቶ ሦስት። በነገራችን ላይ ስድስቱም አይደሉም ጓደኛ፤ አንዱ ከሌሎቹ ከአራት እጥፍ በላይ ርቆ ከኋላ ያለ ነው፤ ሌላው ደግሞ ከአንዱ ጋላክሲ የተጎተተ የኮከቦች ጭራ ነው። እውነተኞቹ አራት ናቸው። አራተኛው በዚያ ሌሊት ሦስቴ ብልጭ አለልኝ፤ ሦስቱም ጊዜ አንድ ቦታ ላይ። ማስታወሻዬ ላይ "ሦስት እርግጠኛ፤ አራተኛው ሳይሆን አይቀርም" ብዬ ጻፍኩ።