ድድ ላይ እየጠፋች የምትመለስ ብጉር፦ ችግርና መፍትሄ

ምልክቱ፦ ድድ ላይ ትንሽ ብጉር ትወጣለች። ትፈነዳለች፣ መግል ታፈሳለች፣ ትጠፋለች፤ ከዚያ እዚያው ቦታ ትመለሳለች። ብዙም አታምም።

ምክንያቱ፦ አብዛኛውን ጊዜ በአካባቢው ያለ አንድ ጥርስ ነርቩ ሞቷል። ውስጡ ያለው ባክቴሪያ በሥሩ ጫፍ በኩል አጥንቱን ያስቆጣል። ሲቆይ እዚያ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት፣ ማለትም ሲስት ሊሠራ ይችላል።

ጅማ ውስጥ እኔ ጋ የሚመጣው አብዛኛው ሰው አሞክሳሲሊን ደጋግሞ የጨረሰ ነው። እባካችሁ ተዉት! በሞተ ጥርስ ውስጥ ደም አይዞርም፤ መድኃኒቱ በየት በኩል ይድረስ? እብጠቱን ያበርዳል እንጂ ምንጩን አይነካም።

ከአጋሮ የመጡ አንዲት እናት ብጉሯ የወጣችባቸው ከላይኛው ክራንቻ በላይ ነበር። ሌላ ቦታ «ክራንቻው ይነቀል» ተብለዋል። በበረዶ ስፈትነው ወዲያው ተሰማቸው፤ ነርቩ አልሞተም። ቀጭን የጉታ ፐርቻ ዘንግ (የጥርስ ሥር የሚሞላበት፣ ራጅ ላይ የሚታይ ላስቲክ መሰል ነገር) በብጉሯ ቀዳዳ ቀስ አድርጌ አስገብቼ ራጅ አነሳሁ። ዘንጉ ታጥፎ ሄዶ ያረፈው ከጎኑ ባለው የፊት ጥርስ ሥር ጫፍ ላይ ነው። ጤነኛ ጥርስ ሊነቀል ነበር! ብጉር የወጣበትን ጥርስ ሁሉ ጥፋተኛ አታድርጉ።

መፍትሄው፦ የሥር ሕክምና፣ ማለትም የሞተውን ነርቭ አውጥቶ ሥሩን ከውስጥ አጽድቶ መሙላት። የሥሩ ርዝመት ሳይለካ፣ ባክቴሪያ በሚገድለው በሶዲየም ሃይፖክሎራይት ሳይታጠብ፣ እስከ ግማሽ ብቻ የተሞላ ሥር ራጅ ላይ ሳይ እናደዳለሁ። «ቡና ለቀማው ይለፍ» ብሎ በጊዜያዊ ሙሌት ወራት የሚቆይም አለ። ሙሌቱ ይበላል፣ ምራቅ ይገባል፣ ባክቴሪያው ይመለሳል። ቀጠሮ አታሳልፉ።

ብጉሯ ቶሎ ትደርቃለች፤ አጥንቱ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው። በ6 ወርና በዓመቱ ራጅ ይነሳ። አንዳንዱ እስከ 4 ዓመት ይወስዳል፤ ራጁ ላይ አጥንቱ የጎደለበትን የሚያሳየው ጥቁር ጥላ እያነሰ ከሆነ ታገሡ።

እብጠቱ ከምላስ ሥር ከገባ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ጥላው እያለ ጥርሱ ሕያው ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ አሜሎብላስቶማ የሚባል የመንጋጋ ዕጢም ሊሆን ይችላል። ጥርሱ አይከፈት።

ጥላው አልቀንስ ካለ በቀዶ ሕክምና የሥሩ ጫፍ ተቆርጦ ከረጢቱ ይወጣል። ጥርሱ ቢነቀልም ከረጢቱ አብሮ ይውጣ፤ ከቀረ ያለ ጥርስም ሊያድግ ይችላል። ሲስት መሆኑን ራጅ ብቻውን አያረጋግጥም። ስለዚህ የወጣው ሥጋ ፎርማሊን ውስጥ ገብቶ ወደ ፓቶሎጂ (ሥጋ በማይክሮስኮፕ የሚመረመርበት ክፍል) ይላክ እንጂ አይጣል።